የአንዱ ምስጢር የሁላችንም በር ነው

የእድራችን ጸሐፊ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ



 በዛሬው አጀንዳ በተራ ቁጥር 2 ላይ «በስልክና በኢንተርኔት የግል መረጃን ስለ መጠበቅ» የሚል ተጽፏል። አንዳንዶቻችሁ ይህንን በር ላይ ስታነቡ «ይኼ የተማሩ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ስለ ድንኳኑ ብንነጋገር ይሻል ነበር» ስትሉ ሰምቻለሁ። ድንኳኑ መቀደዱ እውነት ነው፤ በተራ ቁጥር 3 ላይ ተይዟል፣ እንደርስበታለን። ነገር ግን ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል። ዛሬ የማነሣው ቀዳዳ ካልተደፈነ ግን በድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው እናጣለን።

የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ የምናገረው በሊቃውንት ቋንቋ አይደለም። የሰፈራችንን ወጣቶች ጠይቄ፣ አዋጁንም አስነብቤ፣ በገዛ ስልኬ ላይም ሞክሬ የተረዳሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ጉዳዩ ለምን የእድር ጉዳይ ሆነ?

እንደምታስታውሱት ከሁለት ወር በፊት አንድ ማለዳ በሰፈራችን የስልክ ቡድን ውስጥ የአንዲት እናታችን ስምና ፎቶ ያለበት መልእክት መጣ። ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩ ለትምህርት እንዲነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል። መልእክቱ «ወንድሜ በታመመበት ዐረፈ፤ አስከሬኑን ለማምጣት ቸግሮኛል፤ የቻላችሁትን በዚህ ሂሳብ ላኩልኝ፤ መናገር ስለማልችል አትደውሉልኝ» ይላል። ሦስት ቤተሰቦች ደንግጠው ወዲያው ብር ላኩ። አንዲት ጎረቤት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ወደ ቤታቸው ሄደች። እናታችንን በረንዳ ላይ ቡና ሲቆሉ አገኘቻቸው! ወንድማቸውም በሕይወት አሉ።

ለመሆኑ ሌባው እንዴት ገባ? ኋላ ስንጠያይቅ ነገሩ እንዲህ ነው። በዋዜማው አንድ ሰው ደውሎላቸው «ከባንክ ነው፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። ስማቸውን እስከ አያት ጠራ፤ የቤት ቁጥራቸውንም ተናገረ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሌባ አይሆንም ብለው ቁጥሩን አነበቡለት። ያ ቁጥር ግን የባንክ አልነበረም። የስልክ መልእክት መላላኪያቸውን በሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ኮድ ነበር። ሌባው በእሱ ገብቶ በስማቸውና በፎቶአቸው ጻፈልን።

ስማቸውን እስከ አያት፣ የቤት ቁጥራቸውን፣ ወንድማቸው መታመማቸውን ከየት አወቀ? ከመዝገባችን ነው። ቀደም ሲል ስለ ውዝፍ መዋጮ ክርክር ተነሥቶ አንድ አባል የመዝገቡን አንድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ በቡድኑ ውስጥ ለቅቆት ነበር። በቅን ልቦና፣ ለማስረጃ ብሎ ያደረገው ስለሆነ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ የሃያ አባላት ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ነበረበት። በእናታችን ስም አንጻር ደግሞ «ወንድም ታመው ወደ ክፍለ ሀገር ስለ ሄዱ መዋጮ ዘግይተው ይከፍላሉ» የሚል ማስታወሻ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ከሦስት መቶ በላይ ነው። ከሰፈር ከለቀቁ ዓመታት የሆናቸው አሉ፤ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ቁጥሮችም አሉ።

የሦስቱ ቤተሰቦች ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። ገንዘብ ግን ሠርቶ ይገኛል። እኔን የባሰ ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት እውነተኛ ሐዘን ደረሰ፤ በቡድኑም ተነገረ። ብዙው ሰው «ይኼም የሌባ ይሆናል» ብሎ ቤቱ ቆየ። ድንኳን ስንተክል የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። ሟች ቤት ሰው ጠፍቶ፣ ልጆቻቸው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። መርዶ የምንጠራጠር ሰዎች ከሆንን እድሩ ምን ቀረው? ለዚህ ነው ጉዳዩ የእድር ጉዳይ ነው የምለው።

የግል መረጃ ማለት ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «እኔ ምን ምስጢር አለኝ? ሀብታም አይደለሁ፣ ባለሥልጣን አይደለሁ» እንላለን። ነገሩን ለመረዳት እንዲያመች መረጃን በሁለት እንክፈለው።

አንደኛው ማንነታችንን የሚናገር መረጃ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ ፎቶ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ሕመም፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ቤት ባዶ የሚሆንበት ቀን፣ ይህ ሁሉ ነው። ይህንን እንደ አስፈላጊነቱ ለሚገባው ሰው እንሰጣለን።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። የቴሌብርና የሞባይል ባንክ ምስጢር ቁጥር ወይም ፒን፣ የኤቲኤም ካርድ ምስጢር ቁጥር፣ ፓስወርድ፣ እንዲሁም በመልእክት የሚመጣልን ኮድ ቁልፎች ናቸው። ቁልፍ ለማንም አይሰጥም። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለቴሌ ሠራተኛም፣ ለፖሊስም፣ ለእድር ጸሐፊም አይሰጥም። እኔ ራሴ ደውዬ «ኮዱን ንገሩኝ» ብላችሁ ሌባ ነኝ ማለት ነው፤ ዝጉብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ገንዘብ ሊያስገባልን ለሚፈልግ ሰው ቢነገር ለብቻው ቁልፍ አይደለም፤ የት እንደምንኖር እንደ መናገር ነው። ፒን ግን የቤቱ ቁልፍ ነው። ሁለቱን ከለየን ያለ ፍርሃት እንጠቀማለን። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ለብዙዎቻችን እፎይታ ሆኗል፤ ወረፋ ቀርቶልናል። ስለዚህ ስልካችሁን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ቤት ስለሚሰረቅ ቤት አንሠራም አንልም፤ በር እንገጥምለታለን እንጂ።

ሌባው በምን መንገድ ይመጣል?

የመጀመሪያው መንገድ የተናገርሁት ኮድ ነው። አሠራሩን ልብ በሉ። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ ቴሌግራምን ወይም ሌላውን ይከፍትና የእናንተን ስልክ ቁጥር ያስገባል። ኩባንያው «በእርግጥ የቁጥሩ ባለቤት ነው?» ብሎ ለማጣራት ኮዱን ወደ እናንተ ይልካል። ሌባው ያጣው ያንን ኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ ይደውላል፤ ባንክ ነኝ፣ ቴሌ ነኝ፣ ሽልማት ደርሶሃል፣ ወይም «እቴቴ፣ የኔ ኮድ በስህተት ወደ አንቺ ሄዷል» ይላል። ሳትጠይቁ ኮድ ከመጣ አንድ ሰው በራችሁን እየነካካ ነው ማለት ነው። ካልነገራችሁት አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ ሊንክ ነው። በተለይ በበዓል ሰሞን «የነጻ ኢንተርኔት ጥቅል»፣ «የዓመት በዓል ስጦታ» የሚል ይመጣና «ይህን ተጭነህ ለአሥር ሰው አስተላልፍ» ይላል። ሲጫኑት የባንክ ወይም የድርጅት መልክና ዓርማ ያለው ገጽ ይከፈታል። ዓርማ መኮረጅ ማኅተም ከማስቀረጽ የቀለለ ነው። እዚያ ላይ የምትጽፉት ፒን በቀጥታ የሚሄደው ወደ ሌባው ነው። የሚያስከፋው ደግሞ እኛው ራሳችን ለአሥር ጎረቤት አድራሽ እንሆንለታለን።

ሦስተኛው መንገድ ጥድፊያ ነው። ሌባ ጊዜ አይሰጥም። «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል»፣ «ለማንም አትንገር»፣ «አትደውልልኝ» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ገንዘብ ወይም ኮድ ፈልጎ የሚያጣድፍ፣ ሰው እንዳናማክር የሚከለክል ሁሉ አጠራጣሪ ነው። ስልኩን ዘግተን፣ ውኃ ጠጥተን፣ ጎረቤት ጠርተን ብንጠይቅ የሚጠፋ ነገር የለም።

አራተኛው መንገድ ቁርጥራጭ መልቀም ነው። አንዱ የልጁን ልደት ሲያከብር ቀኑን ይጽፋል። ሌላው ልጁን በትምህርት ቤት ልብስ፣ የትምህርት ቤቱ ስም እየታየ ፎቶ ይለጥፋል። ሦስተኛው «ቤተሰቡ በሙሉ ለጥምቀት ጎንደር ገብተናል» ይላል፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን መናገሩ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይመስልም። ሌባው ግን እንደ ጥልፍ ክር እየቀጣጠለ ሙሉ ሰው ይሠራል፤ ከዚያም እንደ ቤተ ዘመድ ሆኖ ይደውላል። ስለ ጥምቀት ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ቢጻፍ ደስታው አይቀንስም። የልጆችን ነገር ግን በእጅጉ እንጠንቀቅ፤ እነሱ እሺም እምቢም ሳይሉ ነው ፎቶአቸውን የምንበትነው።

ስልካችንንና ወረቀታችንን የምንሰጣቸው ሰዎች

ታላላቆቻችን እንደሚያውቁት ድሮ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤውን የሚያጽፈው ለደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊው የሰውየውን ገበና ሁሉ ያውቃል። ሰው ደግሞ ጸሐፊ ሲመርጥ የእጅ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ምስጢር መያዙንም ያያል። ዛሬም እንዲሁ ነው። ስልክ የሚጠግነው፣ ፌስቡክና ኢሜይል የሚከፍትልን፣ ፎርም የሚሞላልን፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣልን ሁሉ የዘመኑ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው። አብዛኞቹ ጨዋ ሠራተኞች ናቸው፤ እንጀራቸውም ነው። ቢሆንም ቁልፍን ከእነሱ ጋር ትቶ መሄድ ተገቢ አይደለም።

በቀደሙት ዓመታት ዲቪ ስናስሞላ የሆነውን አስታውሱ። ፎርሙ ሲላክ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ ዕጣው መውጣት አለመውጣቱ የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው። አንዳንዱ አስሞልቶ ቁጥሩን ሳይቀበል ይሄዳል። ቁጥሩን የያዘው ሰው ዕጣ መውጣቱን ከባለቤቱ አስቀድሞ አይቶ ገንዘብ የሚደራደርበት አጋጣሚ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማንኛውንም ፎርም በሰው እጅ ስናስሞላ የሚሰጠውን ቁጥር ተቀብለን፣ በደብተራችን ጽፈን፣ የተከፈተው ገጽ መዘጋቱን አይተን መሄድ አለብን። ኢሜይል ካስከፈትንም ፓስወርዱን ቤት ስንገባ እንለውጠው።

የዐረብ አገር ሥራ ፈልጋችሁ ፓስፖርታችሁንና መታወቂያችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ለማታውቁት ደላላ በስልክ የምትልኩ እህቶችም ስሙኝ። ወረቀቱ አንዴ ከስልካችሁ ከወጣ የት እንደሚዞር አታውቁም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። በመጀመሪያ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ አጣሩ። ኮፒ መስጠት ግድ ከሆነ በኮፒው ላይ አግድም «ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት። ፊቱና ቁጥሩ እንዲነበብ ተጠንቅቃችሁ ነው። እንዲህ ያለ ኮፒ ለሌላ ሥራ ለማዋል አይመችም።

ፓስወርድ ይለወጣል፣ ጣት አይለወጥም

ፋይዳ መታወቂያ ያወጣን ብዙዎች ነን። ለምዝገባ ስንሄድ የአሥሩ ጣታችን አሻራ፣ የዓይናችን ብሌንና የፊታችን ፎቶ ተወስዷል። የሚሰጠውም ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የእኛ ብቻ ነው። ሥራው የሚመራው በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። መታወቂያው ባንክ ቤትና መሥሪያ ቤት ስንሄድ ይጠቅመናል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ፓስወርድ ቢሰረቅ ሌላ ይወጣል፤ ቁልፍ ቢጠፋ ጋን ይቀየራል። ጣትና ዓይን ግን አይቀየሩም። ስለዚህ «ብር እናድላችኋለን፣ ስጦታ አለ» እያለ መንገድ ላይ አሻራ ወይም የፊት ፎቶ ለሚወስድ፣ በስልክም የፋይዳ ቁጥር ከኮዱ ጋር ለሚጠይቅ ሰው አንስጥ። የመታወቂያውን ፎቶ በቡድን ውስጥ መልቀቅም መቅረት አለበት። «የጠፋ መታወቂያ አገኘሁ» ብለው በቅንነት ከፊት ከኋላ ፎቶ የሚለጥፉ አሉ። ስሙን ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ መታወቂያውን ለእድሩ ጽሕፈት ቤት ያምጡልን፣ ባለቤቱን እንፈልጋለን።

ሕጉስ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወቱ፣ በፖስታ የሚልከው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን፣ በኮምፒዩተር ማታለልንና የሰውን የኤሌክትሮኒክስ ማንነት መስረቅን ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የዚህ አዋጅ ፍሬ ነገር ለእኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ ይንገር፤ ለሚፈልገው ሥራ የሚበቃውን ብቻ ይውሰድ፤ ለአንድ ጉዳይ የወሰደውን ለሌላ አያውል፤ እንዳይሰረቅ ይጠብቅ፤ ስህተት ካለ ባለቤቱ ሲጠይቅ ያርም። የጤና ነገር ደግሞ ከሌላው ይልቅ ጥበቃ ይፈልጋል። ታዲያ ይህን ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ስንጠብቅ እኛስ? እድሩ የሰው ስም፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ሕመምና ችግር የሚጻፍበት መዝገብ አለው። ሰው ይህን የሚነግረን ስለሚያምነን ነው። መዝገቡ የኮሚቴው አይደለም፤ የሰዉ አደራ ነው። አደራ ደግሞ እንኳን በፎቶ በወሬም አይበተንም።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

1ኛ/ ስልካችን በምስጢር ቁጥር ይቆለፍ። 1234 ወይም የትውልድ ዓመት ቁልፍ አይባልም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። የቴሌብሩ ፒንና የስልኩ መክፈቻም አንድ አይሁን።

2ኛ/ ቴሌግራም ያለን «ሴቲንግስ» ከዚያም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን እናብራ። ይህ ሁለተኛ ቁልፍ ነው፤ ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ይህ ፓስወርድ ይቀረዋል። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ስንከፍት አካውንታችን በየትኛው ስልክ ላይ እንደተከፈተ ይታያል። የማናውቀው ካለ ወዲያው እናስወጣው። ስልክ ቁጥራችንም ለማናውቀው ሰው እንዳይታይ እዚያው መከልከል ይቻላል።

3ኛ/ የስልካችንን መለያ ቁጥር *#06# ደውለን በደብተር እንጻፍ። ባለ 15 አኃዝ ነው። ስልኩ ቢሰረቅ ለፖሊስ ማመልከቻ ይጠቅማል።

4ኛ/ ዘመድ በጽሑፍ ገንዘብ ከጠየቀን ገንዘብ ከመላካችን በፊት በምናውቀው ቁጥር ደውለን ድምፁን እንስማ። አሜሪካ ያለው ወንድምም ቢሆን፣ ጎረቤትም ቢሆን። ድምፁም ካጠራጠረን ሌላ ሰው የማያውቀውን የቤታችንን ጉዳይ እንጠይቀው።

5ኛ/ አደጋ ከደረሰ አንደብቅ። የቴሌብር ጉዳይ ከሆነ ወደ 127፣ ሲም ካርዱ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ለማዘጋት ወደ 994፣ የባንክ ከሆነ በደብተሩ ላይ ወዳለው የባንኩ ስልክ ወዲያው እንደውል። ከዚያም ለፖሊስ ጣቢያ እናመልክት፤ ለእድሩም እንናገር። የመጣውን መልእክት አናጥፋ፤ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ስለ አምስተኛው ጥቂት ልጨምር። የተታለለ ሰው ያፍራል። «ሞኝ ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል። እሱ ዝም ባለበት ሰዓት ሌባው በስሙ ሌላ አሥር ሰው ያታልላል። እናታችን ደፍረው ባይናገሩ ኖሮ ሦስቱ ቤተሰቦች ሠላሳ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ማፈር ያለበት የሰረቀው ነው። በተታለለ ሰው የሚስቅ አባል ቢኖር በሟች ቤት እንደሳቀ ይቆጠር።

እድሩ እንዲወስን የማቀርባቸው ነጥቦች

ኮሚቴው ተወያይቶባቸው ለጠቅላላ ስብሰባው ውሳኔ እንዲቀርቡ የተስማማባቸው የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ የእድሩ መዝገብ በቁልፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ ማንም ሰው ገጹን ፎቶ እንዳያነሣ ይከልከል። የራሱን ሂሳብ ማየት የፈለገ አባል ጽሕፈት ቤት መጥቶ የራሱን መስመር ይይ። የባለውዝፍ ስም በስልክ ቡድን ወይም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፤ ለባለቤቱ ለብቻው ይነገር።

ለ/ በመዝገቡ ላይ የሰው ሕመምና የቤት ችግር አይጻፍ። «በኮሚቴው የታወቀ ምክንያት» ቢባል ይበቃል።

ሐ/ መርዶ እንደ ቀድሞው በጡሩምባ ይነገር። በስልክ ቡድን ቢጻፍም ጡሩምባ ያልተነፋለት ወይም ከኮሚቴው ሁለት ሰው በአካል ሄዶ ያላረጋገጠው አይለቀቅ። እንዲህ ከሆነ ጡሩምባውን የሰማ ሰው ሳይጠራጠር ይነሣል።

መ/ በእድሩ ስም በስልክ መልእክት ገንዘብ መጠየቅ ፈጽሞ ይቅር። የመዋጮ ሂሳብ ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ላይ በማኅተም ይለጠፋል። ቢለወጥም የሊቀ መንበሩ፣ የገንዘብ ያዡና የጸሐፊው ፊርማ ባለበት ወረቀት ብቻ ይለወጣል።

ሠ/ ከዚህ በፊት ለምዝገባ ተብለው የተሰበሰቡ የመታወቂያ ኮፒዎች ለየባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ ባለቤት ያልተገኘላቸው በኮሚቴው ፊት ይቃጠሉ። ለወደፊቱ መታወቂያውን አይቶ መመለስ እንጂ ኮፒ መያዝ አያስፈልግም።

ረ/ የስልክ ቡድኑ አባላት ከመዝገቡ ጋር ይመሳከሩ፤ የማይታወቅ ቁጥር ይውጣ።

ሰ/ ወጣቶቻችን በሚቀጥሉት አራት እሁዶች ከስብሰባ በኋላ እዚሁ ተቀምጠው የታላላቆቻቸውን ስልክ በመቆለፍ ይርዱ። ነገር ግን ደንብ ይኑረው፤ ወጣቱ መንገዱን ያሳያል፣ ፒኑን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቱ ፊቱን ያዞራል። ልጆቼ፣ ይህ እናንተን አለማመን አይደለም። ለእናቶቻችሁ «ፒን ለልጅም አይሰጥም» ብላችሁ ማስተማራችሁ ነው፤ ነገ የማታውቁት ሰው ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት እንዲለምዱ።

በመጨረሻ አንድ ቃል ልበልና ላብቃ። ሰፈር ማለት አንዱ የሌላውን ገበና የሚያውቅበት ቦታ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቸገረው፣ የማን ልጅ እንደራቀ እናውቃለን፤ ስለምናውቅም እንረዳዳለን። ይህ ማወቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ያወቅነው ለጎረቤት እንጂ ለዓለም ሁሉ አይደለም። ድሮ ወሬ ቢወጣ ከወንዙ አይሻገርም ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጣት ንክኪ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የአንዳችን ምስጢር ሲወጣ ሌባው በእሱ በር ገብቶ የሁላችንን ቤት ያንኳኳል። ስለዚህ የራሳችሁን ስትጠብቁ የጎረቤታችሁን እየጠበቃችሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ያቀረብኋቸውን ሰባት ነጥቦች ተወያይታችሁባቸው፣ የሚቀነሰውን ቀንሳችሁ፣ የሚጨመረውን ጨምራችሁ በእጅ ማውጣት እንድትወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።



የእድሩ ጸሐፊ